የመስከረም ጢም

መስከረም ለእኛ ለፀጉር አስተካካዮች ከባድ ወር ነው። እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ በ21 ደግሞ የግሸን ማርያም ንግሥ። ክረምቱን ጢሙን ዞር ብሎ ያላየው ገበሬም፣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደሴ ያደረው ተሳላሚም አምባው ላይ ከመውጣቱ በፊት መንገድ ላይ ወንበር ይፈልጋል። የሁለቱም ትእዛዝ አንድ ነው፦ «ሙልጭ አድርገህ!»

እኔ ሙልጭ አላደርግም። ቅር የሚለው ደንበኛ አለ፤ ከፍሎ ግማሽ ሥራ የተሠራለት ይመስለዋል። የብዙዎቻችን ጢም ጥቅልል ነው። ጥቅልል ፀጉር ከቆዳ በታች ከተቆረጠ ሲያድግ ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ጫፉ ታጥፎ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ ሰውነትም እንደ እሾህ ቆጥሮት ይቆጣል። አንገት ላይ ሽፍ የሚለው፣ አንዳንዱ ላይም መግል ቋጥሮ ጥቁር ጠባሳ የሚተወው ይህ ነው። «ከሰው ተጋብቶብኝ ነው» ብሎ የሚጨነቅ ስንቱን አስተናግጃለሁ። አልተጋባበትም፤ የራሱ ፀጉር ነው የወጋው።

ጂሌት በ1971 እ.ኤ.አ. ባለ ሁለት ምላጩን መላጫ ሲያወጣ ሐሳቡ የፊተኛው ፀጉሩን ሳብ እንዲያደርገው፣ የኋለኛው ከሥሩ እንዲቆርጠው ነበር። ተስቦ የተቆረጠ ፀጉር ተመልሶ ከቆዳ በታች ይገባል። ለለስላሳ ፀጉር ጥሩ ነው፤ ለጥቅልሉ ግን ራሱ የችግሩ መነሻ ነው። ስለዚህ ቤቱ ለሚላጭ ሰው የምመክረው ያንኑ ድርጅት ስመ ጥር ያደረገውን፣ በ1904 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበትን አሮጌውን የብረት መላጫ ነው፤ ሁለት ክዳን መሐል አንድ ምላጭ አስገብተው እጀታውን የሚያጠብቁትን። በድሮ መምህራንና ወታደሮች ቤት ዛሬም አይጠፋም።

ብረቱ ብቻውን ግን አያድንም። ዋናው ሥራ ውሃው ነው። የደረቀ ጢም ጠንካራ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲያርፍበት ይለሰልሳል። በአምባው ብርድ ንጋት ላይ በቀዝቃዛ ውሃና በደረቅ ሳሙና የሚላጩ ሰዎች ሲወርዱ አንገታቸው የሚነግረኝ ነገር አለ። ሳሙናው በብሩሽ በደንብ አረፋ ይውጣው፣ ጥቂት ይቆይ። ክረምቱን ያደገ ጢም ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ በመቀስ ወይም በቶንዶስ ይጠር፤ ረጅም ጢም ላይ ምላጭ ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም።

ቀጥሎ አቅጣጫው። የጉንጭ ጢም አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁል ይበቅላል፤ የአንገት ጢም ግን እንደ ልቡ ነው፣ ወደ ጎንም ወደ ላይም ይሄዳል። በጣት ዳሰስ ሲያደርጉት የሚለሰልስበት በኩል የአበቃቀሉ አቅጣጫ ነው፣ ምላጩም በዚያው ይሂድ። ወደ ላይ መግፈፍ ይቅር። ቆዳን በጣት መወጠርም እንዲሁ፤ ሙያውን ስንማር እየወጠርን ነው የተማርነው፣ ለጥቅልል ጢም ግን አይበጅም፣ ቆዳው ሲለቀቅ ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይሰምጣልና።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደንበኛ አሉኝ። ልጃቸው ከውጭ የላከላቸውን ባለ አምስት ምላጭ ትተው የጥንቱን ብረታቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ።

«ምነው፣ እጅህ ደከመ?» አሉኝ ቀስ ብዬ ሳሳርፈው።

«አይ ጋሼ፣ ብረቱ ራሱ ከባድ ነው፤ ክብደቱ ይበቃዋል።»

መጫን ነው ቆዳ የሚገፈው። እጀታው ከፊት ላይ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበል፣ ምቱ አጭር ይሁን፣ በየመሐሉ ምላጩ ውሃ ውስጥ ይታጠብ።

ሲያበቃ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ፎጣውን ሳያሹ ጠቅ ጠቅ፣ ትንሽ ቫዝሊን። ካላቃጠለው የተላጨ የማይመስለው ሰው «አልኮሉስ?» ይለኛል። አልኮል ለዕቃዬ ነው፤ የተላጨ ፊትን ያደርቃል። ሽፍታው አስቀድሞ ለወጣበት ምላጭ ጨርሶ አላነሳም፤ አንድ ወር ያህል ይረፍ፣ እስከዚያ በቶንዶስ አጠር ይደረግለት። መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ እልከዋለሁ።

ምላጩን ደንበኛው እያየ ነው ከወረቀቱ የማወጣው። የኤችአይቪ ትምህርት ሰውን ይህን መጠየቅ አስለምዶታል፣ ደግም አደረገ፤ የጉበት በሽታ የሚያመጣው የሄፒታይተስ ቢ ቫይረስ ደግሞ በደረቀ ደም ላይ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። አባትና ልጅም ቢሆኑ አንድ ምላጭ አይጋሩ።

ዘንድሮ ግሸን የምትወጡ፣ መላጫችሁን ይዛችሁ ከሆነ አንድ አደራ፦ ያገለገለውን ምላጭ ሣር ላይ አትጣሉት። እዚያ አምባ ላይ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። በክዳን ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋችሁ ይዛችሁት ውረዱ።