ከሮቤ እስከ ባሕር ጠረፍ፦ የአየር መንገደኛ ችግሮችና ፊዚክስ

እንደሚታወቀው የሮቤ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጎባ ከዚህም ከፍ ትላለች። ከጎባ በስተደቡብ የተዘረጋው የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍም 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ሮቤ በመኪና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ በአየር ላይ በቀጥታ መስመር ሲለካ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ የባሌ ወጣት የመጀመሪያ በረራውን ከዚሁ ከሮቤ ሊጀምር ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለዶክትሬት ትምህርት ከአገር ሲወጣ የዲግሪውን ዋና ማስረጃ ከልብሱ ጋር በትልቁ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ሻንጣው በመሸጋገሪያው አየር ማረፊያ ቀርቶ በአምስተኛው ቀን ደረሰ። ምዝገባው የሚያበቃው ግን በአራተኛው ቀን ነበር። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጥቂት ቀናት ባይጨምሩለት ኖሮ የአንድ ዓመት ዕድል በአንድ ሻንጣ ምክንያት ባመለጠው ነበር። በዚህ ጽሑፍ መንገደኛን የሚገጥሙት የተለመዱ ችግሮች ከየት እንደሚመነጩና እንዴት እንደሚቀለሉ እንመለከታለን።

በረራ ለምን ይዘገያል? ሻንጣስ ለምን ይቀራል?

አውሮፕላንን ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል በአየር እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ውስጥ ባለው የአየር መጠነ ቁስ፣ እንዲሁም በፍጥነቱ ስኩዌር ይወሰናል። በባሕር ወለል ላይ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በ2,500 ሜትር ከፍታ በ20 ዲግሪ ግን 0.89 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ያው አውሮፕላን ያንኑ ጭነት ይዞ ከደጋ ለመነሣት 17 በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ሞተሩ በባሕር ወለል ላይ ያለውን ያህል ቢገፋው እንኳ የመንደርደሪያው ርቀት 38 በመቶ ገደማ ይረዝማል። ይሁን እንጂ ሞተሩም የሚሠራው በዚሁ በሳሳው አየር በመሆኑ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ርቀቱም ይበልጥ ይረዝማል።

የመንደርደሪያው ርዝመት የተወሰነ ነው። ስለሆነም ከፍታ ባለው አየር ማረፊያ ስሌቱ ከገደብ ሲያልፍ ሊቀነስ የሚችለው ክብደት ነው፤ ከክብደትም መጀመሪያ የሚቀነሰው ጭነት ነው። የአየሩ ሙቀት ከ10 ወደ 20 ዲግሪ ከፍ ሲል ብቻ እፍግታው በ3.4 በመቶ ይቀንሳል። የሻንጣ ክብደት በጥብቅ የሚመዘነው፣ አንዳንዴም ሻንጣ ለሚቀጥለው በረራ የሚተላለፈው ሠራተኛው ጨክኖ ላይሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው የመዘግየት ምክንያት ደመና ነው። እርጥበት ያዘለ አየር የተራራውን ገጽ ተከትሎ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይስፋፋል፤ ሲስፋፋም ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱም ወደ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ይለወጣል። አብራሪው እስከ ተወሰነው ዝቅተኛ ከፍታ ወርዶ መንደርደሪያውን ካላየ ማረፍ አይፈቀድለትም፤ ይመለሳል ወይም ወደ ሌላ አየር ማረፊያ ያመራል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ወደ ውጭ የሚሄድ መንገደኛ ቢቻል ከዋናው በረራ አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ይግባ። ካልተቻለ ደግሞ ጉዞው በሙሉ በአንድ ቲኬት ላይ እንዲጻፍ ይጠይቅ። በአንድ ቲኬት ሲሆን የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ መንገደኛውን በሌላ በረራ የማሳፈር ኃላፊነት በአጠቃላይ የአየር መንገዱ ነው። ለየብቻ በተገዙ ቲኬቶች ግን ኪሳራው አብዛኛውን ጊዜ የመንገደኛው ይሆናል።

በሰማይ ላይ የሮቤን አየር መተንፈስ

በከፍታ የሚበር አውሮፕላን በመንገደኞች ክፍሉ ውስጥ አየር ታምቆ ይያዛል። የተለመደው ገደብ የክፍሉ ግፊት ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ግፊት እንዳያንስ ነው። ይህም የሮቤ ግፊት ማለት ይቻላል፤ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው። የባሕር ጠረፍ ሰው አውሮፕላን ውስጥ ሲደክመው የባሌ ሰው ግን በአገሩ አየር ላይ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ወደ ቆላ ሲወረድ ነው። አውሮፕላኑ በባሕር ጠረፍ ወዳለ ከተማ ሲወርድ የውጭው ግፊት የጆሮን ታምቡር ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ከተከፈተ ግፊቱ ይመጣጠናል። ስለዚህ በመውረጃው ሰዓት መንቃት፣ ምራቅ መዋጥ ወይም ማስቲካ ማኘክ፣ ሕፃንንም ማጥባት ይጠቅማል። ጉንፋን ይህን ቱቦ ስለሚዘጋው የጠናበት ሰው ከመብረሩ በፊት ሐኪም ያማክር።

ለዘመድ የሚወሰደው የባሌ ማርም በዚሁ ሕግ ሥር ነው። ሮቤ ላይ የታሸገ ማሰሮ ባሕር ጠረፍ ሲደርስ በ7 ሴንቲ ሜትር ክዳኑ ላይ ወደ 100 ኒውተን፣ ማለትም የ10 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል፣ ተጨማሪ ኃይል ያርፍበታል። ስስ ፕላስቲክ ይጨማደዳል። ማር በብዙ አየር ማረፊያዎች ፍተሻ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ በጠንካራ ዕቃ ታሽጎ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ።

ባትሪ

የሊቲየም ባትሪ ሲጋል ራሱን እያሞቀ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አይሄድም። ገደቡ ያለ ልዩ ፈቃድ 100 ዋት ሰዓት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ማለት 20 አምፒር ሰዓት ነው፤ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ይፈቀዳል። ባለ 30,000 ግን 111 ስለሚሆን የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ሻንጣ ባይደርስ

ሻንጣው ያልደረሰለት መንገደኛ ከመድረሻው አዳራሽ ሳይወጣ ለአየር መንገዱ ጽሕፈት ቤት አመልክቶ በጽሑፍ የተመዘገበ የማመልከቻ ቁጥር መቀበል አለበት። የሻንጣው መለያ ወረቀትና የመሳፈሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው አይጣሉ።

ኢትዮጵያም ተዋዋይ የሆነችበት እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት ለዓለም አቀፍ ጉዞ የጊዜ ገደብ አስቀምጧል። ለተጎዳ ሻንጣ ከተረከቡበት ቀን አንሥቶ በ7 ቀናት፣ ዘግይቶ ለደረሰም በ21 ቀናት ውስጥ አቤቱታው በጽሑፍ መቅረብ አለበት። መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ 21 ቀናት ያለፉት ሻንጣ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። የካሳው ጣሪያ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት መለኪያ 1,519 ኤስ.ዲ.አር. ነው። ከውጭ አገር ተነሥቶ እስከ ሮቤ በአንድ ውል የተያዘ ጉዞም የመጨረሻው ክፍል የአገር ውስጥ ቢሆንም እንደ ዓለም አቀፍ ይቆጠራል።

ካሳ ግን ያለፈን የምዝገባ ቀን አይመልስም። ስለሆነም ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ መድኃኒትና አንድ ቅያሪ ልብስ ምንጊዜም ከመንገደኛው እጅ አይለዩ። መልካም ጉዞ።