ኤሲን ከስልክ ጋር ማገናኘት፦ መብራት ሄዶ ሲመጣስ?

ዱከም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀን ፀሐዩ ቆርቆሮውን ቢያግለውም ማታ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱ የሚብሰው ወደ አዳማ በወረዳችሁ ቁጥር ነው። ስለዚህ እዚህ ኤሲ በዋናነት የሚያስፈልገው ከቀትር እስከ አመሻሽ ነው። ማታማ መስኮት መክፈት በነፃ ነው!

ሰዓቱን ጠብቆ የሚበራና የሚጠፋ ኤሲ ብር ይቆጥባል። 12,000 ቢቲዩ የሆነ የግድግዳ ኤሲ ሲሠራ 1 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። በቀን 5 ሰዓት ሳያርፍ ከሠራ በወር 150 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በመብራት ታሪፋችን ደግሞ ፍጆታችሁ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል።

ታዲያ ከስልክ ጋር እንዴት ይገናኛል? ሦስት መንገድ አለ።

1. ኤሲው የራሱ ዋይፋይ ካለው በአምራቹ አፕ ይገናኛል።

2. ዋይፋይ ከሌለው የኢንፍራሬድ ማዘዣ ይገዛለታል። ሪሞቱ የሚልከውን የማይታይ ብርሃን አስመስሎ የሚልክ ትንሽ ዕቃ ነው። ኤሲው በሚታይበት ቦታ ይቀመጣል፤ ግድግዳ አያሳልፍም።

3. አንዳንድ ስልኮች፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ ሬድሚዎች፣ ራሳቸው ኢንፍራሬድ አላቸው። ግን የሚሠሩት ክፍሉ ውስጥ ስትሆኑ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

የቴሌቪዥን ሪሞት “ድምፅ ጨምር” ብሎ አንድ ትእዛዝ ይልካል። የአብዛኛው ኤሲ ሪሞት ግን አንድ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ነው የሚልከው፦ ብራ፣ አቀዝቅዝ፣ 24 ዲግሪ፣ ፋን ዝቅተኛ። ኤሲው መልስ አይሰጥም። ስለዚህ በኢንፍራሬድ የሚሠራ አፕ የሚያሳያችሁ የኤሲውን ሁኔታ ሳይሆን መጨረሻ ላይ የላከውን ትእዛዝ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤሲው ጠፍቶ ሊቀር ይችላል፤ ስልካችሁ ግን “በርቷል” እያለ ይቀጥላል።

ለመኖሪያ ቤት ይሄ ብዙም አይጎዳም። መድኃኒት ቤት ከሆነስ? ብዙ መድኃኒቶች ላይ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ባለ ቦታ ኤሲው መብራት ሲመለስ በራሱ የሚነሳ መሆኑን ስትገዙ አረጋግጡ። ክፍሉ ውስጥም የሙቀት ሴንሰር አስቀምጡ፤ እውነቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው። ራውተሩ በትንሽ ባትሪ ካልተደገፈ ግን ሴንሰሩም መብራት በጠፋበት ሰዓት መልእክት አያደርስም።

ኢንተርኔቱስ? የብዙዎቹ አፖች ትእዛዝ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ደርሶ ነው የሚመለሰው። ኔት ከጠፋ ኤሲው ሥር ቆማችሁም አይታዘዝም፤ ስለዚህ ሪሞቱን አትጣሉት። ኔታችሁ የስልክ ሆትስፖት ከሆነ ደግሞ ከቤት ስትወጡ አብሯችሁ ይወጣል። አብዛኞቹ ዕቃዎች የሚቀበሉት 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ብቻ መሆኑንም አትርሱ፤ አልገናኝ ሲል መጀመሪያ እሱን እዩ።

መፍትሔው ቤት ውስጥ የሚሠራ ሲስተም ነው። ሆም አሲስታንት በነፃ የሚገኝ ሲሆን አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይጫናል፤ የሚደግፋቸው ዕቃዎች ከተመረጡ ያለ ኢንተርኔት ያዛል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ማተር የተባለው የጋራ ስታንዳርድም ከ2023 ጀምሮ የክፍል ኤሲን ያካትታል። ስትገዙ ምልክቱን ፈልጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኤሲን በስማርት ሶኬት አታብሩ፣ አታጥፉ። ብዙዎቹ ርካሽ ሶኬቶች ለኮምፕረሰር መነሻ ኃይል አልተሠሩም፤ ሊግሉና ሊቃጠሉ ይችላሉ። እየሠራ ያለ ኮምፕረሰርን ድንገት አቋርጦ ወዲያው ማስነሳትም ይጎዳዋል። 3 ደቂቃ ያህል ማረፍ አለበት። መብራት ሲመጣ ቆይቶ የሚለቅ የቮልቴጅ መከላከያ በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስገጥሙ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መብራት ሲመለስ በራሱ ይነሳል? ያለ ኢንተርኔት ይታዘዛል? አፑ የኔን ኤሲ ሞዴል ያውቃል? ሦስቱም “አዎ” ከሆኑ እዚያው አስሞክራችሁ ግዙ።