ዊንዶውስ ቀየረና ከአባቱ ጋር ተኳረፈ!

ዛሬ ስለ ፍቅረኛ፣ ስለ ቅናትና ስለ ሠርግ አናወራም። ስለ ኮምፒዩተር ነው የምናወራው። «ኮምፒዩተር ደግሞ ሰው ያኳርፋል እንዴ?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። አባትና ልጅን በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ወር ሙሉ ያላነጋገረ ኮምፒዩተር አለ። ያውም ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን!

ልጁን በዓይን አውቀዋለሁ። ዕድሜው ሃያ አራት ቢሆን ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ በሚወጣው ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥንና «አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፈው አይደለህም?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «እንግዲያው አንድ ምክር ልጠይቅህ። ስማችን አይነሳ እንጂ ብትጽፈውም ግድ የለኝም» አለና ስድስት ኪሎ ሳንደርስ ጀመረልኝ። የጨረሰልኝ ግን ጉራራ ወርደን በእግራችን እየሄድን ነው።

አባቱ ጡረተኛ ናቸው። መንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ያረጁ፣ ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒዩተር የተሻገሩ ሰው። ጡረታ ሲወጡ ታዲያ ሰፈሩ ዝም ብሎ አልተዋቸውም፤ የእድር ጸሐፊ አደረጋቸው። እሳቸውም ደብተሩን ቀስ በቀስ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጡት። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን የስንት ወር መዋጮ አለበት፣ የማን እናት አረፈች፣ ለማን ስንት ተሰጠ... ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ኮምፒዩተሩ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጎን በዳንቴል ተሸፍኖ ይቀመጣል። (ዳንቴል ስላችሁ አትሳቁ፣ የእናንተም ቤት አለ!)

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ኮምፒዩተሩ ላይ የነበረው ዊንዶውስ 7 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ጉግል ክሮም ለዊንዶውስ 7 አዲስ እትም ማውጣት ተወ። ልጁ ሥራ ፈላጊ ነው፤ የሥራ ማመልከቻ የሚሞላባቸው ገጾች አንድ በአንድ «አልከፈትም» ይሉት ጀመር። ስለዚህ ዊንዶውስ ልቀይር ማለቱ ጥፋት አይደለም። እኔም ብሆን እቀይር ነበር።

አባት ቤት በሌሉበት ቀን ጓደኛው ፍላሽ ይዞ መጣ። «ዕቃህ የት ነው ያለው?» ሲል ጠየቀው። «ዲ ላይ ነው።» «በቃ ሲን ፎርማት እናደርገዋለን።» ይኸው ነው የተባባሉት! ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ዊንዶውስ 10 ተጫነ። ኮምፒዩተሩ ፈጠነ፣ አማረ፣ ልጁም ደስ አለው። ለአባቱ ምንም አልነገራቸውም። «ሲከፍቱት ይደነቃሉ ብዬ ነው» አለኝ።

ተደነቁ እንጂ! በሦስተኛው ቀን ማለዳ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። አንድ አዛውንት እድርተኛ አርፈዋል። ሰብሳቢው «ጋሼ፣ ሟች መዋጮ ከፍለው ጨርሰዋል ወይ?» ብለው ልጅ ላኩ። ሰውዬው ታመው ስለከረሙ ወራት ሳይከፍሉ ቀርተዋል የሚል ሐሜት ነበር። አባት መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ከፈቱ። የእድርተኛው ስም መጻፊያ ላይ የዶላር ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት፣ የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ... አንድም የአማርኛ ፊደል የለም! የዘንድሮውን መዋጮ የሚይዙበትን ፋይል ደግሞ ከፊት ለፊት፣ ዴስክቶፑ ላይ ነበር ያስቀመጡት። እሱ ከነጭራሹ የለም።

ሽማግሌው ምን አደረጉ መሰላችሁ? አልጮሁም። ነጠላቸውን ደርበው ድንኳኑ ከሚተከልበት ቦታ ሄዱና «ከፍለዋል። እኔ ነኝ የተቀበልኳቸው። አልከፈሉም ከተባለ ከጡረታዬ ይቆረጥ» አሉ። ለቤተሰቡ ገንዘቡ ተሰጠ። ቤት ሲመለሱ ዳንቴሉን ኮምፒዩተሩ ላይ መልሰው አለበሱትና ከወንበሩ ተነሡ። ከዚያ ወዲያ «ራትህን ብላ» እንኳን በእናትየው በኩል ሆነ።

የጠፋው የቱ ነው፣ የተደበቀውስ?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የደረሱት፤ ብዙ ሰው ግን አንድ ያደርጋቸዋል።

አንደኛው በእርግጥ ጠፍቷል። ዴስክቶፕ የምንለው ዓይናችን ፊት ያለው ቦታ እኮ ሲ ውስጥ ነው ያለው። «ዶኩመንትስ»፣ «ዳውንሎድስ»፣ «ፒክቸርስ» የሚሉትም ካልተዛወሩ በስተቀር ሲ ውስጥ ናቸው። ሲ ፎርማት ተደረገ ማለት እነሱም ሄዱ ማለት ነው። ወዲያው ቢነቃበት ኖሮ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ለባለሙያ መስጠት ተስፋ ነበረው፤ በላዩ ላይ አዲስ ነገር እየተጻፈ በሄደ ቁጥር ግን ተስፋው ይመነምናል። በተለይ አዲሶቹ ኤስኤስዲ የሚባሉት ዲስኮች ላይ የጠፋን ፋይል ማስመለስ በጣም ከባድ ነው።

ሁለተኛው ግን አልጠፋም ነበር! ዲ ላይ ያለው የእድር መዝገብ አንድ ቃል አልጎደለበትም። ምስጢሩ ፊደሉ ላይ ነው።

የድሮ የአማርኛ መጻፊያዎች፣ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ፣ የተወለዱት ኮምፒዩተር አማርኛ በማያውቅበት ዘመን ነው። ያኔ አንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃላውን፣ ቁጥሩንና ነጥቡን ሳንጨምር። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ብልሃት ፈጠሩ። የላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዙን ቅርጽ ሣሉበት። ኮምፒዩተሩ የላቲን ፊደል የጻፈ ይመስለዋል፤ ፎንቱ ግን አማርኛ አድርጎ ያሳየናል። ፎንቱ ከጠፋ ጭምብሉ ይወልቅና የላቲኑ ቁምፊ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ፎንት ደግሞ የሚቀመጠው የት ነው? ሲ ላይ!

ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው በቪስታ፣ በእኛ ጥር 1999 ዓ.ም. ነው። (ሁለቱ 1999 እንዳይምታቱባችሁ፤ በመካከላቸው ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ያህል አለ።) በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ ዊንዶውስ ቢቀየርም፣ ስልክ ላይ ቢከፈትም አማርኛ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው መንገድ የተጻፈው ግን ከፎንቱ ጋር ካልተጓዘ እንቆቅልሽ ነው።

እና መድኃኒቱ ምን ነበር? ልጁ የአባቱ የቀድሞ መሥሪያ ቤት አጠገብ ካለ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ያንኑ ፎንት በፍላሽ አምጥቶ ጫነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። መዝገቡ ሲከፈት የመጀመሪያው መስመር ላይ የአያቱ ስም ወጣ። «አለቀስኩ» አለኝ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ስለነበርን ነው መሰለኝ የነገረኝ።

የአሁኑ ጭንቀት

ታዲያ ምክር የፈለገው ለምንድን ነው? ዊንዶውስ 10ም በተራው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ አበቃ። ኮምፒዩተሩ በዚያ ቀን አይሞትም፣ እንደ ወትሮው ይበራል፤ ግን የደኅንነት ማስተካከያ በነፃ በራሱ መምጣቱ ይቀራል። ማይክሮሶፍት በግል ለሚጠቀሙ ሰዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚደርስ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ በ2017 ዓ.ም. አስታውቆ ነበር፤ እሱም በአካውንት መመዝገብ ይጠይቃል። ልጁ «ወደ 11 ልውሰደው ወይ? አባዬስ እንዴት ይፈቅዱልኛል?» ይላል።

መጀመሪያ የዊንዶውሱን ልመልስ። ወንድሜ፣ ያንተ ኮምፒዩተር ኮር ቱ ዱዎ ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ ያለው ነው የተፈቀደለት። ቺፑን ዘለን በጓሮ በር እንጭንልሃለን የሚሉህ አሉ። ከ24ኤች2 እትም ወዲህ ግን እንዳንተ ያለው አሮጌ ፕሮሰሰር ጭራሽ አይነሳም። ስለዚህ ገንዘብህን አታባክን። አቅም ከፈቀደ ሻል ያለ ያገለገለ ኮምፒዩተር ፈልግ፤ ካልፈቀደ ሊኑክስ ሚንትን ሞክር። ነፃ ነው፣ ደግሞ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ መሞከር ይችላል። የአባትህ መዝገብ እዚያ ላይ በትክክል መከፈቱን ሳታይ ግን እንዳትጭነው!

ኮምፒዩተራችሁ 11ን የሚችል ለሆነ ለሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ካላችሁ ወደ 11 መሸጋገሩ ክፍያ የለውም። ፎርማት ማድረግም ግዴታ አይደለም። ባለው ላይ ማሳደግ የሚባል መንገድ አለ፤ ፋይላችሁም ፕሮግራማችሁም ፎንታችሁም ባለበት ይቆያል፤ ካልተስማማችሁ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ትችላላችሁ። ጫኚዎች ፎርማት የሚወዱት ስለሚፈጥንላቸው ነው፤ ለእናንተ ብለው አይደለም። የሚወርደው ነገር ከ5 ጊጋባይት ይበልጣልና በሞባይል ዳታ ከሆነ አስቡበት። መብራትም አለ፤ እኛ እንጦጦ ሥር ያለን ሰዎች ክረምት ላይ እንዴት እንደምንሆን ታውቁታላችሁ። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ።

አንድ ነገር ግን ደግሜ ልበላችሁ። ጫኚው «ኢሜይል ይጠይቃል፣ የእኔን ላስገባልህ» ካለ እንቢ በሉ! ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ዲስኩን ራሱ ይቆልፈዋል፤ ቢትሎከር ይሉታል። መክፈቻው 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ነው፤ የሚቀመጠውም በገባው ሰው አካውንት ላይ ነው። ነገ ኮምፒዩተሩ ቁልፍ ሲጠይቅ ያ ልጅ ስልኩን ቀይሮ፣ ወይ አገር ለቆ ቢሆንስ? ክራክ የሚባለውንም ነገር ተጠንቀቁ፤ ጸረ ቫይረሱን አጥፉልኝ የሚል ፕሮግራም ቤታችሁ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የምታውቁት ነገር የለም።

እኔ ራሴ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ኮምፒዩተር በመነካካት የተማርኩ ሰው ነኝ። ኮርስ አልወሰድኩም። የስድስት ወር ጽሑፌን በአንድ «ኦኬ» አጥፍቼ አውቃለሁ፤ ማንንም መውቀስ አልቻልኩም፣ የጫንኩት በገዛ ጣቴ ነው። የልጁ ነገር ግን ከእኔ ይለያል። የእኔ የራሴ ነበር። እሱ የነካው የሰው ነው።

ስለዚህ ስለ አባቱ የመለስኩለት ይህን ነው። አባትህን አታሳምን፤ አስቀምጣቸው። ወንበር አምጣና ከጎንህ ይቀመጡ። «አባዬ፣ የርስዎ የሆነውን ሁሉ ያሳዩኝ» በልና እሳቸው በጣታቸው ያመልክቱ፣ አንተ ቅዳ። ዴስክቶፑን፣ ዲን፣ ፎንቱንም ጭምር። ፍላሹን ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍተህ አሳያቸው። እናትህም እህትህም ይጠየቁ፤ የማን ፎቶ የት እንዳለ ምን ታውቃለህ? አሮጌውን መዝገብም በዚያው ወደ ዩኒኮድ አዙረው፤ ስሞቹን ግን አንድ በአንድ ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፤ ሲቀየር አንዳንድ ፊደል ይሳሳታል።

ለመሆኑ የጠፋው የዓመቱ መዋጮስ እንዴት ሆነ? ያን ክረምት ልጁ ደብተር ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። እያንዳንዱ እድርተኛ እጅ ላይ አባትየው የፈረሙባት ትንሿ የመዋጮ ካርድ አለች። በጭቃው ዳገት ወጣ፣ ወረደ፤ አንዳንዱ ቡና አፈላለት፣ አንዳንዱ «ምን አጠፋችሁ?» ብሎ አፈጠጠበት። የሟቹ አዛውንት ቤት ሲደርስ ባለቤታቸው ካርዷን ከመጽሐፍ ቅዱስ መሐል አውጥተው ሰጡት። እስከ መጨረሻዋ ወር ድረስ ተከፍሏል። አባትየው ያንን ሲያዩ ነው መጀመሪያ ያናገሩት። «ቁጭ በልና ጻፍ» አሉት፤ እሳቸው እያነበቡ፣ እሱ እየጻፈ።

ባለፈው እሁድ እንደገና መንገድ ላይ አገኘሁት። አባትየው ከጎኑ ተቀምጠው ሁሉንም አስቀድተዋል። ፍላሹን ግን አልሰጡትም። የእድሩ ገንዘብ የሚቀመጥበት፣ ሦስት ሰው ሦስት ቁልፍ የሚይዝበት የብረት ሣጥን ውስጥ አስገብተውታል። ሰብሳቢው «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ቢሉ «መዝገባችሁ ናት» ብለዋቸዋል። በንብረት ዝርዝሩ ላይም ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ቀጥሎ ተጽፋለች አሉ፤ ፍላሽ፣ ብዛት 1።