«ዋር»፦ ካሜራው አንበሳ፣ ድርሰቱ ሰነፍ

አክሽን ፊልም ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ሆሊውድ ነው፤ ቀጥሎ ህንድ፣ ከዚያ ኮሪያ። ፓኪስታንን የሚጠራ ሰው ብዙም አይገኝም። እ.ኤ.አ በጥቅምት 2013፣ በአረፋ በዓል ሰሞን ግን የፓኪስታን ሲኒማ ቤቶች በራሳቸው ፊልም ተጨናነቁ። ፊልሙ «ዋር» ይባላል። በኡርዱ ትርጉሙ «ምት» እንደማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ ለሚሰማው ደግሞ «ጦርነት»። ሁለቱም ይስማሙታል።

ፊልሙ ያን ያህል ለምን አነጋገረ? ነገሩ ወዲህ ነው። ፓኪስታን ከህንድ ጋር ከተዋጋችበት ከ1965 በኋላ የህንድ ፊልሞችን ለአሥርት ዓመታት ከሲኒማ ቤቶቿ አግዳ ነበር። እገዳው ሲላላ ተመልካቹ ወደ ቦሊውድ ነጎደ፤ ከላሆር የሚወጣው የአገር ቤቱ ፊልም ተዳከመ። «ዋር» የመጣው በዚህ መሀል ነው። በመጀመሪያ ቀን ገቢው በዚያው ዓመት ፓኪስታን ውስጥ የታየውን የሻሩክ ካንን «ቼናይ ኤክስፕረስ» በለጠ፤ ቀጥሎም እስከዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከፍተኛ ገቢ ያስገባ የፓኪስታን ፊልም ሆነ። እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም።

ታሪኩን ሳላበላሽባችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሜጀር ሙጅታባ ሚስቱንና ልጁን የተነጠቀ፣ ሥራውን ትቶ በሐዘን የተቀመጠ የቀድሞ መኮንን ነው። አገሪቱን የሚያናውጥ የሽብር ሴራ ሲሸተት የጸጥታ ሰዎች መልሰው ይጠሩታል። ከሴራው ጀርባ ያለው ራማል የሚባል የውጭ ሰላይ ነው፤ ቤተሰቡን የፈጀውም እሱ ነው። ሙጅታባን የሚጫወተው የፓኪስታን ሲኒማ ትልቅ ስም የሆነው ሻን ሻሂድ ነው።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን እንይ። ዳይሬክተሩ ቢላል ላሻሪ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ነው፤ ካሜራውን የያዘውም፣ ያቀናበረውም ራሱ ነው። ልጁ ዓይን አለው! ተራራው፣ ጭስ የሸፈነው ኮሪደር፣ ሄሊኮፕተሩ፣ የከተማው የሌሊት መብራት፣ ሁሉም በሥርዓት ተለክቶ የተቀረጸ ነው። ምርጡ ክፍል የፖሊስ ማሰልጠኛው ጥቃት ነው። መነሻው እውነተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ በመጋቢት 2009 ላሆር አቅራቢያ ማናዋን የሚገኘው የፖሊስ ማሰልጠኛ በታጣቂዎች ተወርሮ ለሰዓታት ተከቦ ውሏል። እዚያ ላይ ፊልሙ ንግግር ይቀንሳል፤ ሩጫው፣ ጩኸቱና ግራ መጋባቱ ይበዛል። ትንፋሽ ያሳጥራል።

ራማልን የሚጫወተው ሻሙን አባሲም አይዘነጋም። ቀዝቃዛ ዓይን፣ ዝግ ያለ አነጋገር፤ ብዙ ሳይጮህ ያስፈራል። አብራው የምትሠራው ሰላይ፣ ዘፋኟ ሚሻ ሻፊ ናት። እውነቱን ለመናገር ሁለቱ ክፉዎች ከጀግናው ይልቅ ይጥማሉ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። አንደኛው ቋንቋው ነው። ፊልሙ በአብዛኛው የሚነገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ኡርዱ ጣል ጣል እያለ። ፓኪስታን ውስጥ የተማረው መኮንን እንግሊዝኛ መቀላቀሉ ያለ ነገር ነው፣ እሺ። ግን ሐዘንም፣ ንዴትም፣ ዛቻም በእንግሊዝኛ ሲሆን ሰውዬው የሚያነብ እንጂ የሚያምመው አይመስልም። እስቲ አስቡት፤ ልጁ የሞተበት የአዲስ አበባ ፖሊስ ከጓደኛው ጋር በእንግሊዝኛ ሲያለቅስ! ዓለም ይስማን ብለው የመረጡት ቋንቋ ለተዋናዮቹ ራሳቸው አልተመቻቸውም።

ሁለተኛው ጉድለት ይብሳል። ሴራው የሚሽከረከረው በግድብ ዙሪያ ነው። እዚህ ጋ የኛ ሰው ጆሮው መቆሙ አይቀርም። ሮከኛው ዘፋኝ አሊ አዝማት የሚጫወተው ፖለቲከኛ ግድብ ካልተሠራ ይላል፤ የውጭ ሰላዮች ደግሞ ሊያስቀሩት ይሯሯጣሉ። በፊልሙ ዓለም ግድብ የሚቃወም የጠላት ተላላኪ ብቻ ነው። በእውነተኛይቱ ፓኪስታን ግን የካላባግ ግድብ ለአሥርት ዓመታት የተጓተተው የአገሪቱ የራሷ ክልሎች ስላልተስማሙበት ነው። ሲንድ ውኃዬ ይቀንሳል አለች፤ ሰሜን ምዕራቡ ደግሞ ለም መሬቴና ከተማዬ በጎርፍ ይዋጣል ብሎ ሰጋ። ይህ የወንድማማች ክርክር ነው። እንዴት ያለ ፊልም ይወጣው ነበር!

ሽብሩም ላይ እንደዚያው ነው። አሸባሪው የአገር ልጅ መሆኑ ይታያል፣ ግን ገመዱን የሚስበው ሁልጊዜ ባዕድ ነው። ሺዎች የሞቱበት አገር ተመልካች «ይህ ልጅ እንዴት እዚህ ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ትዕይንት ይገባው ነበር። መልሱ «ጎረቤት ነው» ሲሆን ደስ ይላል፣ ያጽናናል፤ ግን ማንም ራሱን እንዲያይ አያደርግም። ለድራማውም አይበጅም። ጠላት ክፋት ብቻ ሲኖረውና ምክንያት ሲያጣ፣ ቀጥሎ የሚሆነው ይታወቃል፤ ልብ አንጠልጣይ መባሉም ይቀራል።

ደግነቱ ነገሩ በዚህ አላበቃም። ላሻሪ ሁለተኛ ፊልሙን «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ማውላ ጃት»ን እ.ኤ.አ በ2022 አወጣ። በ1979 የተሠራን ዝነኛ የፑንጃብ ፊልም መነሻ አድርጎ አዲስ የሠራው ነው። በዚህኛው ሰዎቹ የሚናገሩት በፑንጃቢ ነው፤ በገዛ ቋንቋቸው ይፎክራሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ያለቅሳሉ። ተፋላሚው ኑሪ ናትም ክብር ያለው፣ የራሱን ምክንያት ይዞ የሚመጣ ጠላት ነው። ካሜራው ያው ካሜራ ነው። ገቢው ግን ከአንድ ቢሊዮን የፓኪስታን ሩፒ አለፈ፤ ከዚያ በፊት የደረሰበት የአገሪቱ ፊልም አልነበረም። እንግሊዝኛ ያላስገኘውን የዓለም ጆሮ ፑንጃቢ አስገኘ።

ታዲያ «ዋር»ን ልያት ወይስ ልተዋት ካላችሁኝ፣ እዩአት። በተለይ በስልካችሁ አጫጭር ፊልም እየቀረጻችሁ «ካሜራ ባገኝ እኮ» የምትሉ ወጣቶች እዩአት። የማሰልጠኛውን ጥቃት ድምፁን ዘግታችሁ አንዴ፣ ከፍታችሁ አንዴ ተመልከቱ፤ ከቀረጻው ብዙ ትማራላችሁ። ከዚያ የግድቡን ታሪክ አስቡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ግድቡን የሚቃወመው ሰው እውነተኛ ምክንያት ቢኖረው ኖሮ ፊልሙ የት ይደርስ ነበር? ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ደግሞ ሄሊኮፕተር አያስፈልግም።