«ኮምፒውተሩ አይቀበልም» ለሚሉን ምን እንመልስ?

ከፋሲካ በዓል በኋላ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ወደ ዝግጅት ክፍላችን መጡ። በእጃቸው የያዙት ከረጢት የብዙ ዓመት ወረቀት የተጠራቀመበት ነው፤ የባንክ ወረቀት አለ፣ የሐኪም ማስረጃ አለ፣ ያልተከፈተ ደብዳቤም አለ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሰጣቸው ወርሃዊ ድጋፍ በየዓመቱ መታደስ አለበት። ድሮ ቢሮ ሄደው፣ ቅጽ አስሞልተው፣ ፈርመው ይመለሱ ነበር። ዘንድሮ ግን «ከእንግዲህ በኢንተርኔት ነው» ተባሉ።

ልጃቸው ከሥራ ሲመለስ ማታ ማታ ስልኩን ይዞ ተቀመጠ። ቅጹ የትውልድ ቀን ይጠይቃል። በእናቱ መዝገብ ላይ ግን የተወለዱበት ዓመት እንጂ ቀንና ወር የለም፤ በቦታው ዜሮ ነው የተጻፈው። ቅጹ ደግሞ ዜሮ የሚባል ቀን አያውቅም። ጃንዋሪ 1 ብሎ ሲሞላ «ዝርዝሩ ከመዝገቡ ጋር አይገናኝም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ሁለቱም ቢሮ ሄዱ። ጸሐፊዋም ሞከረች፣ እሷንም እምቢ አላት። ከዚያም ሁላችንም የምናውቀውን ቃል ተናገረች፦ «ሃማሕሼቭ ሎ መቀቤል»፣ ኮምፒውተሩ አይቀበልም።

በዚህ ምክንያት አራት ወር ያለ ድጋፍ ቆዩ። ልጁ «እማ፣ ኮምፒውተሩ አላወቀሽም» ሲላቸው፣ «እኔ ግን ራሴን አውቃለሁ» እንዳሉት ነገረን።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ በዚህ ገጽ አንድ ነገር ልንነግራችሁ እንፈልጋለን። ኮምፒውተሩ እምቢ አለ ማለት ሕጉ እምቢ አለ ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ተቆጣጣሪ አለው። ማን እንደሆኑና እንዴት እንደሚደረስባቸው ካወቅን ከመስኮቱ ባዶ እጃችንን አንመለስም።

ቀኑ የጠፋው የት ነው?

ይህ ችግር የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ከጎንደርም ከትግራይም የመጡ ወላጆቻችን አብዛኞቹ የልደት ወረቀት አልነበራቸውም። ልደት የሚታወቀው በመኸር፣ በጦርነት፣ በንጉሥ ዘመን ወይም «ከእገሌ ልጅ ጋር ነው የተወለደችው» በሚል ነበር። የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠርም ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሲገባ፣ እያንዳንዱን እናት አስቀምጦ ዘመኗን የሚያሰላ ጸሐፊ አልነበረም። ስለዚህ ለአንዱ ዓመቱ ብቻ ተጻፈ፣ ለሌላው ጃንዋሪ 1 ተሞላ፣ አንዳንዱም በዕድሜው ላይ ዓመት ተጨመረለት ወይም ተቀነሰበት።

ስምም እንደዚሁ ነው። በአገራችን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል። እዚህ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ። በዚህ የተነሳ ወንድማማቾች በተለያየ የቤተሰብ ስም ተመዝግበው ይገኛሉ። ድሮ ጸሐፊው ፊታችንን አይቶ፣ ጠይቆ ይረዳው ነበር። ኮምፒውተር ግን ሁለት መዝገብ አስተያይቶ አንድ ፊደል ወይም አንድ ቁጥር ሲለያይበት በሩን ይዘጋል።

የኮምፒውተሩ ባለቤት ማን ነው?

የመንግሥት ኮምፒውተር ከሰማይ የወረደ አይደለም። አንድ ሚስራድ አዲስ አሠራር ሲፈልግ በመጀመሪያ ምን ምን እንደሚያስፈልገው በዝርዝር ይጽፋል። ከዚያ በ1992 በወጣው የጨረታ ግዴታ ሕግ መሠረት ብዙውን ጊዜ ሚክራዝ ያወጣል። ያሸነፈው ኩባንያ ይሠራል፣ ሚስራዱም ሞክሮ ይረከባል። በዚህ መንገድ ላይ «ቀን ከ1 እስከ 31፣ ወር ከ1 እስከ 12» ብሎ የጻፈ ሰው አለ። «የትውልድ ቀኑ የማይታወቅ ሰውስ?» ብሎ መጠየቅ የነበረበትና ያልጠየቀ ሰውም አለ። ስለዚህ ጥፋቱ የማሽን አይደለም፤ ሰው የሠራው ነው፣ ሰውም ሊያስተካክለው ይችላል።

በየሚስራዱ ለኮምፒውተር ሥራ የሚጠየቅ ኃላፊ አለ። በአገር ደረጃ ደግሞ «ማአራኽ ሃዲጊታል ሃሌኡሚ» የሚባለው አካል አለ። በአንድ የይለፍ ቃል ወደ ብዙ መሥሪያ ቤት የምንገባበትን የመንግሥት መለያ አሠራርና በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያለውን የግል ክፍላችንን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። የትውልድ ቀናችንና ስማችን የተጻፈበት ዋናው መዝገብ ግን በ1965 በወጣው የሕዝብ መዝገብ ሕግ የሚተዳደር ሲሆን፣ ያለው በሚስራድ ሃፕኒም ሥር ባለው የሕዝብና የስደተኞች ባለሥልጣን ዘንድ ነው። ይህን መለየት ይጠቅማል። ስሕተቱ ዋናው መዝገብ ላይ ከሆነ የሚስተካከለው እዚያ ነው። መዝገቡ ትክክል ሆኖ ቅጹ ካልተቀበለ ደግሞ ጥፋቱ የቅጹ ባለቤት ነው፤ ወደ ሚስራድ ሃፕኒም ሊመልሰን አይገባም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። መንግሥት በ2016 አንድ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ «አንድ ጊዜ ብቻ መጠየቅ» ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ያለውን ማስረጃ ሌላው መሥሪያ ቤት ዜጋውን አምጣ ከማለት ይልቅ ከመሥሪያ ቤቱ ራሱ እንዲወስድ የሚል። ሁሉም ቦታ እንዳልተፈጸመ ከረጢታችን ይመሰክራል። ቢሆንም «ይህ ወረቀት እናንተው ዘንድ አለ» ብለን በድፍረት ለመናገር መሠረት ይሆነናል።

ተቆጣጣሪው

«መቫኬር ሃመዲና» የሚባለውን የመንግሥት ዋና ተቆጣጣሪ ብዙዎቻችን የምናውቀው በዜና ነው፤ ሚኒስትሮችን የሚገሥጽ ወፍራም ሪፖርት ሲያወጣ። መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው በ1949 ሲሆን፣ ኃላፊውን ክኔሴት በምስጢር ድምፅ ለሰባት ዓመት ይመርጣል። መንግሥት አይሾመውም፣ አያዘውምም። የሕዝብ ገንዘብ በሕግ፣ በንጽሕናና በቁጠባ መሠራቱን ይመረምራል። የመንግሥት ኮምፒውተሮች አሠራርና ጥበቃም በተለያዩ ሪፖርቶቹ ሲመረመሩ ቆይተዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህ ነው፦ ከ1971 ጀምሮ ይኸው ባለሥልጣን «ኔጺቭ ትሉኖት ሃጺቡር»፣ ማለትም የሕዝብ አቤቱታ ሰሚ ነው። ሚኒስትርን ብቻ ሳይሆን የአንዲት እናት አቤቱታም ይሰማል። አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አይጠይቅም። ሕጉ ስለ ምን ማማረር እንደሚቻል ሲዘረዝር፣ ከሕግ ውጪ የተሠራ ሥራንና ግልጽ በደልን ብቻ አይደለም የሚጠቅሰው። «ከመጠን ያለፈ ግትርነትን» ጭምር በስሙ ይጠራል። ዜሮን አልቀበልም ብሎ አንዲትን አሮጊት አራት ወር ከሚያስቀር ኮምፒውተር የበለጠ ግትር ምን አለ?

መረጃችን ሲያመልጥ

ቁጥጥር የሚያስፈልገው ለቅጽ ብቻ አይደለም። በ2006 በሚስራድ ሃረቫሃ በኮንትራት ይሠራ የነበረ ሰው የሕዝብ መዝገቡን ቀድቶ ወሰደ። በኋላ መዝገቡ ማንም ሰው ስም ጽፎ የሚፈልግበት ሆኖ በኢንተርኔት ተሠራጨ፤ «አግሮን» ይባል ነበር። በ2011 ተጠርጣሪዎች መያዛቸው ሲነገር፣ በሕይወት የሌሉትን ጨምሮ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ዝርዝር በውስጡ እንደነበረ ታወቀ። የእኛም የወላጆቻችንም ስም፣ የዜሁት ቁጥርና የቤተሰብ ዝምድና እዚያ ውስጥ ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው አለ። አንድ ሰው ደውሎ የዜሁት ቁጥራችሁንና የልጆቻችሁን ስም ቢነግራችሁ፣ የመንግሥት ሰው ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። በስልክ የሚላክላችሁን የአንድ ጊዜ ኮድ ለማንም አትንገሩ። መልእክቱ የሚመጣው በልጃችሁ ስልክ ከሆነ፣ ልጁ ቁጥር ሲቀይር በየመሥሪያ ቤቱ ማስቀየሩን አትርሱ።

በእጃችን ያሉ መንገዶች

1. በጽሑፍ ጠይቁ። ጸሐፊዋ በቃል «አይሆንም» ብትል አትውጡ። የምትፈልጉትን በአጭሩ ጻፉ ወይም አስጽፉ፣ ስጡ፣ የተቀበሉበትን ቀን አስመቱበት፤ አንዱን ቅጂ እናንተ ጋ አስቀሩ። በ1958 የወጣ አንድ ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ በሕግ የተሰጠውን ሥልጣን እንዲጠቀም በጽሑፍ ሲጠየቅ በ45 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። እምቢ ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። «ኮምፒውተሩ አይቀበልም» የሚለውን በደብዳቤ ላይ ፈርሞ ለመስጠት የሚደፍር ኃላፊ ብዙ አይደለም።

2. የተጻፈባችሁን እዩ። በ1981 በወጣው የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ መሠረት ማንም ሰው በመረጃ ማኅደር ውስጥ ስለ እሱ የተጻፈውን ማየት፣ ስሕተት ሲያገኝም እንዲታረም መጠየቅ ይችላል። ለአንዳንድ ጉዳዮች ገደብ ቢኖርም መነሻው የእኛ መብት ነው።

3. ዕድሜ በስሕተት ከተመዘገበ አትቸኩሉ። ከ1963 ጀምሮ ፍርድ ቤት የሰውን ዕድሜ የሚወስንበት ሕግ አለ። ነገር ግን የዕድሜ ለውጥ ጡረታንና ሌላ ድጋፍን ሊነካ ስለሚችል አስቀድማችሁ ከሕግ አዋቂ ጋር ተማከሩ። አቅም ለሌለው ሰው የፍትሕ ሚኒስቴር «ሲዩዓ ሚሽፓቲ» አለ።

4. ቀነ ገደብ ጠብቁ። ቢቱዋሕ ለኡሚ የወሰነውን ለመቃወም ወደ ሥራ ፍርድ ቤት የሚኬደው ውሳኔው በደረሰ በ12 ወር ውስጥ ነው። የመለሰውን ደብዳቤ ሳትከፍቱ ከረጢት ውስጥ አታስቀምጡ።

5. ለአቤቱታ ሰሚው ጻፉ። በስማችሁና በአድራሻችሁ ይሁን። የተከሰተበት ቀን፣ የቢሮው ስም፣ የተባላችሁት ቃልና የተላላካችሁት ወረቀት ቅጂ ይኑርበት። የሚያያዝ ካለ የቀዩን ጽሑፍ ፎቶ ከስልክ አንስታችሁ አያይዙ። ድርጊቱ ከተፈጸመ አንድ ዓመት ሳይሞላው መቅረብ አለበት፤ ካለፈ የሚታየው ልዩ ምክንያት ሲኖር ነው። ልጅም በወላጁ ፈቃድ ስለ ወላጁ ማመልከት ይችላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከገባ ግን ይህ መንገድ ይዘጋል። አቤቱታ ሰሚው ዳኛ አይደለም፣ አያስርም፣ አይቀጣም፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ጉድለቱን እንዲያርም ይነግረዋል፣ ምን እንዳደረገም ይጠይቀዋል። የአንድ ሰው አቤቱታ ቅጹን ካስተካከለ፣ ከኋላ የተሰለፉት ሁሉ ያልፋሉ።

ለልጆቻችን

ይህ ገጽ የሥራ ገጽም ስለሆነ ወጣቶቹን እንዲህ እንላለን። የመንግሥት ሥራ ቅጥር ሕግ በ2011 ተሻሽሎ፣ በኢትዮጵያ ለተወለደ ወይም ከወላጆቹ አንዱ በኢትዮጵያ ለተወለደ ሰው በመንግሥት ሥራ ተገቢ ቦታ እንዲኖረው ያዛል። ለዚሁ ተለይተው የሚወጡ ሚክራዞች አሉ። ኮምፒውተር የተማራችሁ ልጆች የግል ኩባንያ ብቻ አትመልከቱ። በየሚስራዱ ቅጽ የሚያዘጋጁ፣ የሚሞክሩ፣ የሚረከቡ ሠራተኞች ያስፈልጋሉ። አያቱ የተወለደችበትን ቀን የማታውቅ ልጅ በዚያ ጠረጴዛ ቢቀመጥ፣ «ዜሮስ?» ብሎ የሚጠይቀው እሱ ነው።

የእኚያ እናት ጉዳይ እንዲህ አለቀ። ልጃቸው አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፈ፣ አስመታ፣ ቅጂውን ያዘ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ ተደወለ። አንዲት ኃላፊ ዝርዝሩን በእጇ አስገብታ ጉዳዩ አለፈ፤ ያለፉት አራት ወራትም ተከፈሉ። በእጅ ማስገባት ከመጀመሪያውም ይቻል እንደነበር የሰሙት ያን ቀን ነው። ቅጹ ግን እስከ ዛሬ ዜሮን አይቀበልም። ልጁ አሁን ለአቤቱታ ሰሚው እየጻፈ ነው፤ «የእናቴ ነገር አልቋል፣ ግን ጎረቤታችንም ቀን የላትም» ብሎናል።