ፖስታ ቤቱና የሽንኩርት ማሳው

በፎገራ ሜዳ ሩዙ ከተሰበሰበ በኋላ መሬቱ ጦም አያድርም። አርሶ አደሩ ከርብና ከጉማራ ወንዞች በሞተር ፓምፕ ውኃ እየሳበ ሽንኩርት ያለማል። ፓምፑ የተበላሸ ዕለት ግን መለዋወጫው ወረታ ካልተገኘ ከባሕር ዳር፣ እዚያም ከጠፋ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት። ሽንኩርት ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ውኃ ሲቋረጥበት ቶሎ ይጎዳል።

አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚላከው በአውቶቡስ ሹፌር ወይም በረዳቱ እጅ ነው። ስልክ ቁጥር ይጻፍበትና ተቀባዩ መናኸሪያ ወጥቶ ይጠብቃል። ፈጣን ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ዕቃው ሲጠፋ ግን ደረሰኝም ተጠያቂም የለም።

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም የተመሠረተው ፖስታ በአደራ የተቀበለውን መዝግቦ ደረሰኝ ይሰጣል። ድክመቱ ሌላ ነው፤ የሚያደርሰው በአብዛኛው እስከ ፖስታ ሣጥን ነው፣ ሣጥኑ ደግሞ ያለው ከተማ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም ወዲህ ገንዘቡ በቴሌብር ቀበሌ ድረስ ይገባል። ፒስተን ግን በስልክ አይላክም።

ማዳበሪያን እስከ ቀበሌ የሚያደርሱት መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘንም፣ ንብረት ያዥም አላቸው። በማኅበሩ ስም አንድ ሣጥን መከራየት ከባድ ወጪ አይደለም። የወረዳ አመራሮች ሊነጋገሩበት የሚገባው፣ በመስኖ ወቅት ሣጥኑን ማን፣ በየስንት ቀኑ እየከፈተ ዕቃውን ወደ ቀበሌ ይወስደዋል በሚለው ላይ ነው።