ሁለት ልዩ ልዩ የግራፊክስ ካርዶች ባንድ ኮምፒዩተር

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፥ በአብደራፊ፥ ጨዋታ የሚወድ ወጣት በኮምፒዩተሩ ላይ ሌላ ዐይነት የግራፊክስ ካርድ ቢጨምር የሁለቱ ኀይል የሚደመር ይመስለው ይሆናል። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ግን የሚከተለውን እንዲያስብበት እንወዳለን።

ኤንቪዲያ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስኤልአይ የተባለው ማጣመሪያ አንድ ዐይነት ቺፕ ያላቸውን ካርዶች ብቻ ይቀበል ነበር። ካርዶቹ ሥዕሉን እየተፈራረቁ ሲሠሩ አቅማቸው ካልተመጣጠነ፥ እንደ ጥማድ በሬ፥ ፈጣኑ ዘገምተኛውን መጠበቅ ግድ ይሆንበታልና። በ2015 የወጣው ዳይሬክትኤክስ 12 ልዩ ልዩ ካርዶችን ማጣመር ቢፈቅድም፥ የጨዋታው ሠሪዎች አስቀድመው ካላሰናዱት አይሆንም፤ ያሰናዱትም እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

ከዚህም በላይ ካርድ የሚበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። በጋው 40 ዲግሪ በሚደርስበት አገር 150 ዋት የሚበላ ካርድ ቢጨመር ሳጥኑ ይግላል፤ ካርዱም ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ አሮጌውን ሸጦ አንድ ብርቱ ካርድ መግዛት ይሻላል እንላለን።